የጋሼ ነስሩ መራጮች

ደምሴ ስልክ ሲደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ዕድሜውን በመርካቶ ሸክም የገፋ ሰው ነውና ወሬም ሲያቀብል እንደ ጆንያ ዱብ ያደርገዋል። ሐዋሳ ለደንበኛ ያመጣሁትን ዕቃ ሳራግፍ ደወለና "ጋሼ ነስሩ ሞቱ" አለኝ።

"የቱ ጋሼ ነስሩ?" አልኩት። ሌላ ጋሼ ነስሩ አላውቅም። ሰው ሲደነግጥ ግን እንዲህ ያለ የሞኝ ጥያቄ ይጠይቃል።

"የገመዱ ነዋ! እሁድ ነው የሞቱት። ሰፈሩ ቀብሯቸዋል። እኛም ዛሬ ሱቃቸው ተዘግቶ ስናይ ነው የሰማነው። ቶሎ ና።"

እሁድ መርካቶ ማንም የለም። እኛ ነጋዴዎቹ እሁድ በየቤታችን ነን፤ ኮልፌ፣ አየር ጤና፣ የካ። ጋሼ ነስሩ በሕይወት ሳሉ ያስቸግራቸው የነበረው ይኸው ነገር ነበር፤ ሲሞቱም በዚሁ ቀን ሞቱ። ዕቃውን ለረዳቱ ትቼ አውቶቡስ ውስጥ ስገባ፣ መንገዱን ሙሉ የማስበው የሞታቸውን ነገር ሳይሆን የዚያን የቀበሌ አዳራሽ ነገር ነበር። ወደሱ እመጣለሁ።

ሱቃችን ጎን ለጎን ነበር፤ በርበሬ በረንዳ ዳር፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያስነጥስበት ቦታ። እኔ ባልዲና ሳፋ እሸጣለሁ። እሳቸው ገመድና ሸራ። ሱቃቸው ከጣሪያ እስከ ወለል ገመድ ተንጠልጥሎበት ሰውየውን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ያቺን ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። ሳቃቸው ትከሻቸው ላይ ነው የሚታየው።

ገመድ ሊገዛ የመጣ የማያውቁት ሰው ካለ ሁልጊዜ "ለምንድነው?" ይሉታል። ሰው ይቆጣል። "ምን አገባዎት? ሻጭ አይደሉም እንዴ?" ይላል። እሳቸው ግን መልሱን ሳይሰሙ አይሸጡም። አንድ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራቫቱን ያሰረ ሰው መጥቶ አጠር ያለ ገመድ ጠየቀ። "ለምንድነው?" አሉት። ሰውየው አፉን ከፈተና ዘጋ። ጋሼ ነስሩ ያን ሁሉ ገመድ ከራሳቸው በላይ አንጠልጥለው "ገመድ አልቋል፣ ወንድሜ" አሉት። ሰውየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። "አልቋል" አሉት ደግመው። በርጩማ አቀረቡለት፣ ሻይ አስመጡለት፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ልጆቹ እየጠየቁ እስከ መዝጊያ ሰዓት አስቀመጡት። ከዚያ ታክሲ እስኪይዝ ሸኙት። እኔ በዚያን ቀን "ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ገበያ ያባርራሉ እንዴ?" ብዬ አፌዝኩ። "አንተ ባልዲ ነው የምትሸጠው" አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ኮልፌ ደርሼ ራት ስበላ ነው።

ሰው የሚያስተውሉት ብቸኛ ስለነበሩ ይመስለኛል። ሚስታቸው አገር ቤት በወሊድ ሞተችባቸው፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ከዚያ በኋላ አላገቡም። እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ከአንድ ጠባብ ጉራንጉር ውስጥ በአንዲት የቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መርካቶን የማያውቅ ሰው መርካቶ ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻውን ነው ቢሉት አይሰማም። እንዴት ይሰማል? ቀን ቀን መርገጫ የለም። ሲመሻሽ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የሚቀረው ካርቶን፣ ውሻ፣ ዘበኛና የሰፈሩ ድሃ ነው። ጋሼ ነስሩን የሚወዳቸው ሰው ሁሉ ታክሲ ተሳፍሮ ይሄዳል። እሳቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ሁላችንንም ይሸኙና ሱቃቸውን ቆልፈው ወደማያውቃቸው ሰፈር ይገባሉ። ሃያ ዓመት የኖሩበት ሰፈር ነው፤ ግን ሲነጋጋ ይወጣሉ፣ ሲጨልም ይገባሉ፣ ማን ያውቃቸዋል?

አንድ ሱስ ነበራቸው፤ እሱም ምርጫ ነው። ጫት የለ፣ ሲጋራ የለ፣ ምርጫ። የአካባቢያችንን የምርጫ ታሪክ ሌላው ሰው የኳስ ቡድኑን ታሪክ እንደሚያወራ ነበር የሚያወሩት። በጃንሆይ ጊዜ ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ባለፎቅ ሁሉ ፎቶውን ለጥፎ ድግስ ይደግስ እንደነበር፤ በደርግ ጊዜ የቀረቡት ዕጩዎች ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ስለነበሩ ሕዝቡ በመልክ እንደመረጠ፤ ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ምርጫ ያሸነፈው ሰው አንድ ቀን መጥቶ፣ አመስግኖ፣ ከዚያ እንደ በጋ ዝናብ እንደጠፋ። "እኛን ወክሎ የተቀመጠው ሰው እዚህ አያድርም" ይሉ ነበር። "እዚህ ቀን የሚውል ሌላ፣ ማታ የሚያድር ሌላ። የሚያድረውን ማን ያውቀዋል?"

የዘጠና ሁለቱ ምርጫ ሲቃረብ አንድ ጠዋት በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን "በላቸው፣ ልወዳደር ነው" አሉኝ።

"ለምን?"

"በግል።"

"በምን አላልኩም፤ ለምን ነው ያልኩት።"

"ሰው በመሐሉ የሚኖርበት ሕዝብ ይፈልገው እንደሆነ ሳያውቅ መሞት የለበትም" አሉ። "እኔ አላውቅም። አንተ ትወደኛለህ፣ ደምሴ ይወደኛል፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ ግን ማታ ትሄዳላችሁ። እዚያ የሚያድሩት ግን... ወላሂ አላውቅም።"

ያን ጊዜ የነገሩ ክብደት አልገባኝም። የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። ምልክት ሲመርጡ ገመድ ፈልገው ነበር። መዝጋቢው ሰው ግን "አባቴ፣ ገመድ ይዘው ቢመጡ ሕዝቡ ሊሰቅሉን ነው ይላል" አላቸውና መሰላል ያዙ። እኔና ደምሴ ፊርማ እንድናሰባስብላቸው ተላክን። ራሳቸው አይሄዱም። "ሰው ስለራሱ ይለምናል እንዴ? ነውር አይደለም?" ይላሉ። በየቤቱ ስናንኳኳ ማንም እምቢ አላለም። አንዳንዱ ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ ፈረመ። ሕጉ የሚፈልገው ሲሞላ እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን "ፊርማ በፀሐይ ነው፣ ድምፅ ግን በመጋረጃ ውስጥ ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ ያ የቀበሌ አዳራሽ።

ዕጩዎች ከነዋሪው ጋር የሚተዋወቁበት ቀን ነበር። ሱቄን ዘግቼ ከደምሴ ጋር ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከሳቸው በፊት የተናገሩት ሰዎች መንገድ ሠሩ፣ ውሃ አስገቡ፣ ሥራ አጥን ሥራ አስያዙ፤ በአፍ ማለቴ ነው። ከዚያ ሰብሳቢው "አቶ ነስሩ፣ የግል ዕጩ" ብሎ ጠራ። ጋሼ ነስሩ ተነሱ። አዲስ ኮት ለብሰው ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና እንዲህ አሉ፦

"እኔ አልችልም። ከእኔ የተሻሉ፣ የተማሩ ሰዎች አሉ። ይህ ነገር ለኔ ይከብዳል፤ ይቅርብኝ።"

የሀገራችን ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ዕድር ሊቀመንበሩን ሲመርጥ፣ ማኅበር ሙሴውን ሲመርጥ፣ ሽማግሌ ለእርቅ ሲመረጥ፣ የተጠቆመው ሰው መጀመሪያ አልችልም ይላል። እሺ ብሎ ዘሎ የተነሳ ሰውማ ሹመት ፈላጊ ነው፣ አይታመንም። እሱ አልችልም ይላል፣ ሕዝቡ "የለም፣ የለም! እርስዎው ነዎት!" ይላል፣ እሱ ደግሞ አልችልም ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ያኔ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ጋሼ ነስሩ የሚያውቁት ምርጫ ይህ ነበር። የፓርላማውን ታሪክ ሁሉ በቃላቸው ይዘው፣ ተራቸው ሲመጣ የማረካቸው ግን የዕድሩ ወግ ነው። ተናግረው ወንበራቸውን ያዙ፤ ግን አልተቀመጡም። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ግማሽ ቆመው ግማሽ ተቀምጠው፣ ያን "የለም፣ የለም" ጠበቁ።

ሰብሳቢው "እናመሰግናለን። ቀጣይ ዕጩ" አለ።

ከመሐል አንድ ሰው "ታዲያ ካልቻሉ ለምን መጡ?" ሲል ሳቅ ሆነ። ጋሼ ነስሩ አሁንም አልተቀመጡም። ዓይናቸው ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ እንዲናገር ነው የሚፈልጉት። እኔ አልቻልኩም። ብድግ ብዬ "የለም! እርስዎው ነዎት!" ብዬ ጮህኩ።

ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ወንድም፣ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነህ?"

"እዚህ እሠራለሁ።"

"ነዋሪ ነህ ወይ ነው ያልኩህ። የት ነው የተመዘገብከው?"

"ኮልፌ።"

"ኮልፌ ሂድና ጩህ" አለኝ። አሁን ሳቁ ጣሪያ ነካ። ጋሼ ነስሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ስንወጣ ጉራንጉራቸው አፍ ድረስ ሸኘናቸው። ሊለዩን ሲሉ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና "ሰምቼሃለሁ" አሉኝ። "አላህ ይስጥህ። አንተ ግን የኮልፌ ሰው ነህ።"

የምርጫው ዕለት ሄደው መረጡ። ማንን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው፤ ሞኝ ጥያቄ መጠየቅ ልማዴ ነው። "እጄ ወደራሴ ምልክት አልሄድ አለኝ" አሉ። "ራሱን የሚመርጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?" ለሌላ ሰው ነበር ድምፃቸውን የሰጡት። ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ እኔ አብሬያቸው ነበርኩ። ከስማቸው ጎን ያለው ቁጥር በሁለት እጅ ጣቶች የሚቆጠር ነበር። ልቤ ተሰበረና ላጽናናቸው ዞር ስል ፊታቸው ላይ ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ። ተደንቀዋል። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ቁጥሩን ይነካካሉ።

"እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" አሉኝ።

"ምን አውቄ፣ ጋሼ።"

"አሉ እኮ! እኔ አይደለሁም፣ አንተም አይደለህም፣ ደምሴም አይደለም። እዚህ ነው የሚያድሩት። እነማን ናቸው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ነስሩ ሌላ ሰው ሆኑ። ማን እንደመረጣቸው አያውቁም፤ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ ያገኙትን ሰው ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ማለት ጀመሩ። የጫማ ሰፊውን፣ የዘበኛውን፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣችውን ሴት፣ ከጉራንጉሩ አፍ ላይ ቆሎ የሚሸጡትን እትዬ ዘነበችን። እትዬ ዘነበች ሰው ቀና ብለው የማያዩ፣ ቆሏቸውን ሲሰፍሩ እንኳ ዓይናቸው መሬት ላይ የሆነ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው "ከነዚህ ውስጥ አለ" አሉኝ። "የቱ እንደሆነ ስለማላውቅ አንዱን ባልፍ፣ ያ ያለፍኩት እሱ ቢሆንስ?"

ክረምት ሲገባ ደግሞ ጣሪያው ለሚያፈስበት ሁሉ ሸራ ይዘው ይሄዳሉ። ራሳቸው ይወጣሉ፣ ራሳቸው ያስራሉ። "ምልክትዎ መሰላል መሆኑ ጠቀመ" ብዬ አሾፍባቸው ነበር። ትከሻቸው ይነቀነቃል፤ ሳቅ ነው። ግን ማታ ማታ፣ ሁላችንም ስንሄድ፣ ከታክሲው መስኮት ዞር ብዬ ሳያቸው፣ ከሸራ ጥቅል ጋር ብቻቸውን ቆመው፣ የማያውቁትን ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚመስሉት። በእውነት ያሳዝኑኝ ነበር።

ዘጠና ሰባት መጣ። የዚያን ዓመት ነገር ለማንም አልተርክም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሰልፉ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ተጠማዘዘ። ሕዝቡ ወደ አንድ ወገን እንደ ጎርፍ ሄደ፣ ገዢው ፓርቲ ራሱ በዚያ ጎርፍ ተወሰደ፤ አንድ የገመድ ሻጭ በዚያ ውስጥ ምን ሊሆን ነው? እኔ እንኳ "ዘንድሮስ ይቅርብዎት" ብያቸው ነበር። እሳቸው ተወዳደሩ፣ አሁንም ራሳቸውን አልመረጡም። ወረቀቱ ሲለጠፍ ሄደን አየን። ያችው ቁጥር ናት። አልጨመረች፣ አልቀነሰች። ጋሼ ነስሩ ያን ዕለት ሲያለቅሱ አየኋቸው።

"ያው ናቸው" አሉኝ። "ይህ ሁሉ ሰው ሲሄድ እነሱ አልሄዱም።"

ከምርጫው በኋላ ያ መጥፎ ጊዜ ሲመጣ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ የሰፈሩ ልጆች እየታፈሱ ሲወሰዱ፣ ጋሼ ነስሩ ዳቦ በፌስታል ይዘው ከፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሙ። ደምሴ አብሯቸው ነበር፤ የነገረኝም እሱ ነው። በረኛው ፖሊስ "ምናቸው ነዎት?" አላቸው። "የዚህ ምርጫ ክልል ሰው ነኝ።" "ተመራጭ ነዎት?" "አይደለሁም። ተወዳዳሪ ነበርኩ።" ፖሊሱ ሳቀ። "የተሸነፉ ሰው ምን ያደርጋሉ እዚህ?" አላቸው። "የመረጠኝ ሰው ልጅ ውስጥ ይኖር ይሆናል" አሉት። "የቱ ነው?" "አላውቅም። ለሁሉም ስጥልኝ።" ፖሊሱ ዳቦውን ተቀበላቸው። በማግሥቱም ሄዱ፣ ከዚያም በኋላ።

ሁለት ሺህ ሁለት ላይ ምርጫ ሲደርስ አርጅተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጣሪያ ላይ መውጣቱንም ትተዋል። ፊርማ ስናሰባስብ ያን ጊዜ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር የሚያናግረን። ተናድጄ መጣሁና "ጋሼ፣ አሁንስ ምን ፈልገው ነው? ማሸነፉ አይሆን!" አልኳቸው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የሸራ ጠርዝ ይሰፉ ነበር። መርፌውን ሰክተው አዩኝ።

"እነዚያ ሰዎች ወረቀቱን ሲከፍቱ ስሜን ቢያጡት፣ ጥሎን ሄደ አይሉም?" አሉ።

ተመልሼ ፊርማ ሰበሰብኩ። ያን ጊዜም ከስማቸው ጎን የሰፈረው ቁጥር ከሁለት ሰው በቀር ያው ነበር። ሁለት ጎድሎ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ "ማን ሞተብኝ?" እያሉ ነበር የከረሙት። በሰፈሩ በነበረ ለቅሶ ሁሉ ሄዱ፤ በክርስቲያኑም በእስላሙም፣ ድንኳን ባዩበት ሁሉ ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አልተወዳደሩም። ታመሙ፣ ሱቃቸውን አርፍደው ይከፍቱ ጀመር። የመጨረሻ ያየኋቸው ሐዋሳ ልሄድ ስል ነው። ድንጋዩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። "ስመለስ ዶክተር ጋ እወስድዎታለሁ" አልኳቸው። "ኢንሻአላህ" አሉኝና ያን ጊዜም እንደልማዳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሸኙኝ።

ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ሰባተኛ ሄድኩ። ጉራንጉሩ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል። የመርካቶ ሰው ሞልቷል፤ የሸራው፣ የበርበሬው፣ የጆንያው ነጋዴ ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ደምሴ ቦታ ለቀቀልኝ። ቀና ብዬ ወደ ቤቱ በር ሳይ፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል።

"የአገር ቤት ዘመዶቻቸው ደረሱ እንዴ?" አልኩት ደምሴን።

"ኧረ አልደረሱም። ዛሬ ማታ ነው የሚገቡት አሉ።"

"ታዲያ እነዚህ እነማን ናቸው?"

"እንጃ። ትናንትም እነሱ ነበሩ የተቀመጡት አሉ።"

ልብ ብዬ አየኋቸው። ጫማ ሰፊው ነው። አጠገቡ የማውቀው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ። ልጅ ያቀፈች ወጣት ሴት፣ ሌሎች መልካቸውን እንጂ ስማቸውን የማላውቃቸው ሁለት ሦስት ሰዎች። ከዳር እትዬ ዘነበች፣ ጥቁር ነጠላ ደርበው። ተነስቼ ሄድኩና አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ "ያጥናዎት፣ እትዬ። ዝምድና እንዳላችሁ አላውቅም ነበር" አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች መሬት መሬት እያዩ "ዝምድናስ የለንም" አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "መራጮቻቸው ነን" አሉኝ።

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም።

"እሁድ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል" አሉኝ በዚያው በዝቅተኛ ድምፃቸው፣ "የመስጊዱ ሽማግሌ 'የሟች ወገን ማነው? ለቅሶ ማን ይቀመጥላቸዋል?' ብለው ጠየቁ። ደጁ ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም ዝም አለ። ያ ዝምታ አስጨነቀኝ። 'እኔ እቀመጣለሁ' አልኩ። 'ምናቸው ነሽ?' አሉኝ። ምን ልበል? እህታቸው አይደለሁ፣ ሃይማኖታችንም አንድ አይደል። 'መርጫቸዋለሁ' አልኩ። ከዚያ ይኸ ጫማ ሰፊ 'እኔም' አለ። ይቺ ልጅ ደግሞ እናቴ ትመርጣቸው ነበር፣ እሷም አሁን የለችም አለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ተሰበሰብን። ይኸው ነው። እኛም የተዋወቅነው ያን ቀን ነው።"

ንዴት ነው መሰለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ። "እትዬ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገራችኋቸውም? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"እንዴት ይነገራል?" አሉኝ፣ እኔ ነውረኛ ነገር የተናገርኩ ይመስል። "ስለ ምርጫው ሲያስተምሩን ድምፃችሁ ምስጢር ነው፣ ለባላችሁም እንዳትነግሩ አላሉንም? በኋላ ደግሞ ጊዜው ከፋ። ማን ማንን መረጥኩ ብሎ አፉን ይከፍታል?" የነጠላቸውን ጫፍ እያጠፉ እየዘረጉ ቀጠሉ። "ደግሞስ ምን መንገር ያስፈልጋል? ያውቁ ነበር እኮ። በየጠዋቱ ቆሎዬ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም የሚሉኝ ለምን ይመስልሃል? እኔ ሌላ ምን አደረግኩላቸው? ያቺን ድምፅ ነው እንጂ። እንዳወቁብኝ ገብቶኝ ነበር። አፍሬ ነው የማቀረቅረው።"

ዝም ብል ይሻል ነበር ይሆናል። እኔ ግን ለጋሼ ነስሩ ሲባል አንድ ሰው እውነቱን መስማት አለበት ብዬ አሰብኩ።

"አያውቁም ነበር፣ እትዬ" አልኳቸው። "ማን እንደመረጣቸው ስለማያውቁ ነው ሁሉንም ሰላም የሚሉት።"

"ሁሉንም?"

"የሰፈሩን ሰው ሁሉ። አንዱን ባልፍ እሱ ይሆናል እያሉ።"

እትዬ ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "እኔን ሳያውቁኝ ነዋ የሞቱት" አሉ።

ከእሁድ ጀምሮ ተቀምጠው እንባ ያልወጣቸው ሴት ያን ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ።